ግፉኝ ዳገት ወጣች

አንድ ግንበኛ በቀይ ሞተር ሳይክል ዳገት እየወጣ ነው። ከኋላው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጭኗል፤ ሲሚንቶው ላይ ደግሞ ከረባት ያሰረ መሐንዲስ ተፈናጥጧል።

«ጋሼ፣ ኧረ ቀስ! ኧረ ልወድቅ ነው!» ይጮኻል መሐንዲሱ።

«ዝም ብለህ ሲሚንቶውን እቀፍ!»

ከተማው ግራና ቀኝ ወጥቶ ይስቃል። ይህቺ ሞተር ዳገቱ ላይ ከቆመች ግን ጨዋታው ያበቃል፤ የሠራት ፋብሪካ ገዢ አጥቶ ተመልሶ ይዘጋል፣ አርባ ሠራተኛም ቤቱ ይውላል።

ግንበኛው ናደው ይባላል። ድንጋይ ተሸክሞ ጀመረ፣ ግድግዳ ማቆም ተማረ፣ በመጨረሻ የከተማውን ግማሽ ሠራ። አንድ ልማድ አለው። የሠራው ቤት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በርጩማውን ይዞ ከች ይላል፤ ሳሎን መሀል ተቀምጦ ጣሪያውን ያያል። «ካፈሰሰ መጀመሪያ እኔ አናት ላይ ያፍስስ» ይላል።

ይሄ ሰው ያለውን ሁሉ ሸጦ፣ ከተዘጋ ዓመታት ያለፉትን የ«ጭልፊት» ሞተር ሳይክል ፋብሪካ ገዛ። ሰው ሁሉ አበደ አለ። ጭልፊት የወረቀት ስሟ ነው እንጂ አገር የሚያውቃት «ግፉኝ» ብሎ ነው፤ ከነዳት ይልቅ የገፋት ይበዛላ።

መሐንዲሱ ሚልኪያስ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «ጋሼ፣ ስሟን እንቀይረው፣ ቀለሟንም እናሳምረው» አለው።

«ቤት ሲያፈስ የበሩን ቁጥር ነው እንዴ የምትቀይረው?»

ናደው ወደ ሞተሯ ጠቆመ።

«ለመሆኑ አንተ ነድተሃት ታውቃለህ?»

«እኔ? እኔ እንኳ በመኪና ነው የምመጣው።»

«በሽታዋ ተገኘ በለኛ!» አለ ናደው እየሳቀ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደንቡ አንድ ሆነ፤ ማንም የሠራትን ነድቶ ቤቱ ይገባል። ሚልኪያስ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቀን ገፍቶ ገባ። ኮብልስቶን ላይ መሪዋ የሚያያዝበት አንገቷ እንደሚሰነጠቅ ያወቀው በወረቀት አይደለም፣ በገዛ ጉልበቱ ነው። ሰኞ ማንም ሳያዘው አንገቷን አጠነከረው። ብሎን የምታስረዋ ሠራተኛም አዲስ ቀሚሷ በዘይት ከተበላሸ ወዲህ አንድ ብሎን ላልቶ አልተገኘም።

እና አሁን ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሯ ሳል ሳል አላት። ሕዝቡ ልማድ ነውና እጅጌውን ሰብስቦ ሊገፋ ተንደረደረ። ከፊት የቀደሙት ጡረታ የወጡት ፖስተኛ አቶ መኩሪያው ናቸው፤ ሃያ ዓመት ደብዳቤ ይዘው ግፉኝን የገፉ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጠበቋት። ሞተሯ ጓ! አለችና እጃቸውን አየር ላይ ትታ እብስ።

ጫፍ ደረሰች። ፉጨቱ፣ እልልታው ቀለጠ። ሚልኪያስ ከከረባቱ ላይ ሲሚንቶ እያራገፈ እንደ ሕፃን ይስቃል።

ነገሩ ይኸው ነው። ሠሪ የሠራው ላይ ካልተቀመጠበት ጉድለቱን ሌላ ሰው ይገፋለታል። እስቲ አንተ የሠራኸውን አሁን ማን እየገፋልህ ነው?

አቶ መኩሪያው እያለከለኩ ደረሱና የናደውን ትከሻ መታ አደረጉት።

«አንተ! ሃያ ዓመት ሙሉ ስገፋት፣ አንድ ቀን እንኳ በወጉ ዳገት አላወጣችኝም። በል ያን ባለ ከረባት አውርድና እኔን አፈናጥጠኝ!»