የተቆለፈው ጨው

አንዲት እናት የደም ግፊት ታማሚ ነበሩ። ክትትል ወደሚያደርጉበት ጤና ጣቢያ በሄዱ ቁጥር የሚነገራቸው አንድ ነገር ነው፤ «ጨው ይቀንሱ።» ምን ያህል? የነገራቸው የለም። ወጥዎ በምን ይሠራል ብሎ የጠየቃቸውስ? እሱም የለም። እሳቸው «እሺ ልጄ» ብለው ይወጣሉ።

ቃላቸውንም ጠበቁ። ወጣቸው በትንሽ ድስት ለብቻው ይሠራል፤ ጨው የሚባል አይገባበትም። የምትሠራላቸው ልጃቸው ዙፋን ናት።

ግፊቱ ግን አልወርድ አለ። ሐኪሙ ተቆጣ። ተደብቀው ይበላሉ ማለት ነው አለ፣ በልጃቸው ፊት።

ዙፋንም አመነች! ጨውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ጎረቤት ሲመጣ «እማዬ እኮ ጨው ትሰርቃለች» እያለች ትስቃለች። እናትየው አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ከበሽታው ይልቅ ያቺ ሳቅ አመመቻቸው። ሲምሉ እንኳ የሚያምናቸው ጠፋ።

አንድ ቀን ዙፋን ግቢ ውስጥ ለወፍጮ በርበሬ ታዘጋጃለች። የተቀነጠሰው በርበሬ ደርቋል፤ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ ገብቷል። ቁም ሳጥኑን ከፍታ ጨው አመጣችና በእፍኟ እየዘገነች ትጨምርበት ጀመር። ሁልጊዜም የምታደርገው ነው። የሽሮውም እንዲሁ።

እናትየው ከተቀመጡበት ሆነው ይሄ በርበሬ ለእሳቸውም ወጥ ይሆን እንደሆነ ጠየቁ። ታዲያ ሌላ ከየት ሊመጣ ነው አለች ዙፋን።

«የኔን ጨው ቆልፈሽብኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ የምትዘግኚው የማነው?»

ዙፋን የዘገነችውን ጨው ወደ ዕቃው መለሰችው።

ወገኖቼ፣ እኔን የሚያናድደኝ ጨው አይደለም። ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ይበቃል፤ ያውም በርበሬው፣ ሽሮው፣ ዳቦው ውስጥ ያለው ሁሉ ተቆጥሮ። ይህን ለመንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ቁጣው ግን ጊዜ አላጣም! ለስድቡ ጊዜ ነበረን፤ ለጥያቄው ጊዜ አጣን።

እናንተስ? ባላችሁን ጠጪ ያደረገው ማን እንደሆነ ቤታችሁን ፈትሻችኋል? ልጃችሁን ውሸታም ስትሉ፣ ስልክ ሲደወል «የለም በለው» ያለው ማነው? በገዛ እጃችን ጨምረን፣ አስፈጭተን፣ ለሰው አቅርበን፣ በላህ ብለን እንፈርድበታለን። ቁልፉንም በአንገታችን አንጠልጥለን እዚህ ጉባኤ መጥተን እንዘምራለን!

ዙፋን ያን ቀን ለእናቷ ያለ ጨው ሌላ በርበሬ አዘጋጀች። ደግ አደረገች። ይቅርታ ግን አልጠየቀችም፤ አፈረች። ለጎረቤቶቹም ተሳስቼ ነበር አላለችም።

በእናንተም ቤት እንዲህ ስሙ የጠፋ አንድ ሰው ተቀምጧል። ዛሬ ስትገቡ መጀመሪያ ወደ እሱ ሂዱ። ያማችሁት በማን ፊት ከሆነ፣ በዚያው ሰው ፊት ይቅርታ ጠይቁት።