ከተኛበት ሌላ ቦታ የነቃው አናጢ

ትርንጎ ልጄ፣ አንድ አናጢ ነበረ፤ እሱም ልክ እንዳንቺ «ልጄ እየባነነ የሚጮኸው ምን አይቶ ነው?» እያለ ይጠይቅ ነበር።

ልጁ ገና ዓመት አልሞላውም። አባቱ ደረቱ ላይ አድርጎ እሹሩሩ ሲለው ወዲያው ይተኛል። ከዚያ አባትየው ራሱ በሠራት ትንሽ አልጋ ላይ ያጋድመውና መብራቱን አጥፍቶ፣ ኮቴውን አጥፍቶ ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ ጩኸቱ ይመጣል። ሲገባ ሕፃኑ ዓይኑን አፍጥጦ አንድ ጥግ ያያል። ጥጉ ላይ ምንም የለም።

ሰውየው ከአልጋዋ ሥር ቢላ አኖረ። አልጋዋን ወደ ሌላው ግድግዳ አዛወራት። ልጁ አዲሱን ጥግ ያፈጥበት ጀመር። ውሎ አድሮ ሚስቱ በሹክሹክታ፣ «እዚህ ቤት ከእኛ ሌላ አለ» አለችው። እሱም ለጥጉ ጀርባውን መስጠት ፈራ።

የሚስቱን አክስት አስጠሩ፤ ብዙ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። የሕፃኑን ጆሮ ዳሰሱ፣ ድዱን አዩ፣ ግንባሩን ነኩ። «አላመመውም፤ አልራበውም» አሉ። እንዴት እንደሚያስተኙትም ጠየቁ፤ ነገሯቸው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አናጢው ድካም አሸንፎት መደብ ላይ እንቅልፍ ጣለው። አክስትየው ሁለት ጎረቤት ጠርተው በቃሬዛ አሸከሙትና ከመንደሩ ዳር፣ ሰው ከለቀቀው ብዙ ዘመን በሆነው ቤት ውስጥ አስተኙት። በሩንም ዘጉ።

ሲነቃ ጣራው የእሱ ጣራ አልነበረም። እጁን ሲዘረጋ ግድግዳው በቦታው የለም። የእርጥብ አፈር ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ። ሚስቱን ጠራ፤ የራሱ ድምፅ ተመልሶ መጣ። የሞተ መሰለው። ጥጉ ላይ አፍጥጦ እንደ ሕፃን ጮኸ።

አክስትየው በሩን ከፈቱ። «ምን አየህ?»

«ምንም!» አለ። «የተኛሁት ግን እዚህ አልነበረም!»

«ልጅህም ያየው ነገር የለም» አሉት። «ደረትህ ላይ ይተኛል፣ ሌላ ቦታ ይነቃል። አንተን እንዲህ ያደረግኹህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱ ግን በየሌሊቱ ይደርስበታል።»

ያን ዕለት ሲመሽ አባትየው ልጁን እንቅልፍ ሳይወስደው አልጋዋ ላይ አጋደመው። ልጁ አለቀሰ። አባቱ እጁን በልጁ ደረት ላይ አድርጎ አጠገቡ ቆየ። የመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ከባድ ነበሩ። ኋላ ግን ልጁ ሲባንን የሚያውቀውን ግድግዳ አይቶ፣ ተገላብጦ ይተኛ ጀመር። አባትየው ግን እስኪሸመግል ድረስ ሲነቃ ዓይኑን ከመግለጡ በፊት ግድግዳውን በእጁ ይፈልግ ነበር።

ትርንጎ ልጄ፣ አሞት ወይም ርቦት እንደሆነ መጀመሪያ እዪ። ደህና ከሆነ ግን ጠንቋይ ቤት አትሂጂ። ያ አናጢ ትልቅ ሰው ሆኖ አንድ ጊዜ ቢደርስበት ልቡ ሊቆም ነበር። ያንቺ ልጅ ገና አፉን አልፈታም፤ ማታ ማታ ከእቅፍሽ ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ብቻውን ይነቃል። ዛሬ ዓይኑ ሳይከደን አልጋው ላይ አጋድሚው። የት እንዳለ አይቶ፣ አንቺንም አይቶሽ ይተኛ።