ነፋስ ያማከረው ሆቴል

ጆሯችሁ ከእኔ ጋር ነው?

ከአንቺ ጋር ነው!

እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የምነግራችሁ የብርድ አገር ተረት ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሆቴል ያሠሩ በነበረበት ዘመን፣ አያ ነብሮ ከደጋው ሁሉ በላይ ባለ ተራራ ጫፍ ላይ አንድ ትልቅ ሆቴል አሠራ። ወለሉ ፊት ያሳያል፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ መጋረጃው እስከ መሬት ይወርዳል። ከሆቴሉ ጀርባ ሦስት ዛፎች ተሰልፈው ቆመዋል፦ ጽድ፣ ኮሶና ወይራ።

ነፋስ ሆቴሉን ባየው ጊዜ ልቡ ተሰቀለ። «ገብቼ መጋረጃውን ባወዛውዝ! አንሶላውን ብገልጥ! ሾርባውን እፍ ብዬ ባቀዘቅዝ!» እያለ ተመኘ። ነገር ግን በመጣ ቁጥር ጽድ በትከሻው፣ ኮሶ በደረቷ፣ ወይራ በክርኑ እየገፉ ይመልሱታል። ጉልበት እንዳላዋጣው ሲያውቅ ዘዴ ዘየደ። አንድ ቀን ጠዋት ድምፁን አለስልሶ በፊት ለፊት በር መጣ።

«እንዴት አደርክ አያ ነብሮ! ወይ ሆቴል! ግን ይቅርታ አድርግልኝና፣ እንግዶችህ የሚተኙት በምን ላይ ነው?»

«በአልጋ ነዋ!»

«በገበያ አልጋ? በዚህ ብርድ? የተከበረ እንግዳ እኮ በልኩ የተሠራ አልጋ ነው የሚፈልገው። ራስጌው ከፍ ያለ፣ ብርድ የሚመልስ። እንጨቱም ከጀርባህ ቆሟል።»

«ለመሆኑ ማን ልበል ጌታው?»

«የዚህን አገር ብርድ አብጠርጥሬ የማውቅ ነኝ» አለ ነፋስ። በዚህስ አልዋሸም።

አያ ነብሮ እመት ጃርትን አስጠራ። እመት ጃርት አናጢ ናት፤ እንደ እሷ ያለ ባለሙያ በአገሩ የለም። ከጀርባዋ አንድ ወስፌ ትነቅልና በእሱ ትለካለች፣ በእሱ መስመር ታሰምራለች። መጀመሪያ ከቆላ የመጣችውን እንግዳ የወይዘሮ ሰጎንን፣ ቀጥሎም የሌሎቹን እንግዶች ቁመት ለካች፤ ከዚያ መጋዟን ይዛ ወደ ጽድ ሄደች።

«ምን ልትሠሪ ነው እመት ጃርት?» አለ ጽድ።

«አልጋ።»

«ለምን?»

«ለብርድ።»

«ለብርድማ እኔ ቆሜ የለ?»

እመት ጃርት መጋዙን አየች፣ ጽድን አየች። ደረቷ ላይ አንድ ነገር ወጋት። የራሷ ወስፌ መሰላትና ችላ አለችው። «እኔ ምን አገባኝ፤ እኔ ልክ ወሳጅ ነኝ» ብላ ቆረጠችው።

አልጋዎቹ ሲያዩዋቸው ያስጎመጃሉ። ሽታቸው ቤቱን ሞላው፤ የወይዘሮ ሰጎን እግር እንኳ ከአልጋዋ ተርፎ አልወጣም። ነፋስ ግን ጽድ በነበረበት በኩል ሹልክ ብሎ በመስኮት ገባ።

«አያ ነብሮ!» አለች ወይዘሮ ሰጎን፤ «አልጋውስ ልኬ ነው። ግን አንገቴን ብርድ በላው! ይህን የሚያህል አንገት ይዤ የት ልግባ?»

ነፋስም ተመልሶ መጣ። «አልጋ ብቻውን ምን ያደርጋል? እንግዳ የሚውለው ወንበር ላይ ነው። መደገፊያው አንገት የሚያቅፍ ይሁን። ጭራ ላለውም ቀዳዳ ይኑረው፤ ጨዋነት ነው።»

እመት ጃርት መጋዟን ይዛ ወደ ኮሶ ሄደች።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አለች ኮሶ።

«ወንበር።»

«ለምን?»

«ለብርድ።»

«ለብርድማ እኔ ቆሜ የለ? የጽድን ቦታ አላየሽም?»

ያ ነገር ደረቷን አሁንም ወጋት፤ ከፊተኛው ጠለቅ አለ። «እኔ ምን አገባኝ፤ እኔ ልክ ወሳጅ ነኝ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀነስ ብሎ ነበር።

ወንበሮቹ ቀይ፣ ልስልስ ያሉ፣ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቁ ሆኑ። ቁርስ ሳያልቅ ግን ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጉሬዛ፣ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

«ከታች ይነፍሰኛል! ይህ ቀዳዳ የተሠራው ለጭራዬ ነው ለነፋስ?»

እንግዶቹ ሻንጣቸውን ማሰር ጀመሩ። አያ ነብሮ ጢሙን ነጨ። ነፋስ ደግሞ በጆሮው «መከለያ! የተቀረጸ የእንጨት መከለያ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ! ወይራ አለልህ አይደል?» አለው።

እመት ጃርት ወደ ወይራ ሄደች። ወይራ ሽማግሌ ነው፤ ምንም አልጠየቃትም።

«ልጄ፣ ልትቆርጪኝ ከሆነ ቁረጪኝ። ግን እንደ ሙያሽ መጀመሪያ ለኪኝ» አላት።

ወስፌዋን ነቅላ ከወይራ ጀርባ ቆመች። ወስፌው ንቅንቅ አላለም። ጽድ በነበረበት ቦታ ስትቆም ወስፌው ከእጇ ተነጥቆ በረረ። የኮሶ ጉቶ ዘንድ ስትደርስ ራሷም ልትበር ምንም አልቀራትም። ሮጣ ወደ ወይራ ተመለሰች።

«አባባ ወይራ፣ አንገት ለካሁ፣ ወገብ ለካሁ፣ ጭራ ለካሁ። እናንተ የምትመልሱትን ግን አልለካሁም።»

ይህን ጊዜ አማካሪው ከኋላዋ መጣ። «ቁረጪ እንጂ! ምን ያቆምሻል?»

የጀርባዋ ወስፌ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተኛ። እመት ጃርት ዞር አለች።

«ቆይ እስቲ፣ አንተ ስትናገር እኔን የሚበርደኝ ለምንድን ነው?»

ነፋስ ፉጨቱን ያፏጭ ጀመር።

እመት ጃርት መጋዟን ጥላ ወደ ሆቴሉ ሮጠች። «አያ ነብሮ፣ አማካሪህ ነፋስ ነው። የቆረጥኩት ግን እኔ ነኝ። አልጋውንም ወንበሩንም ወደ ውጭ!»

«አበድሽ እንዴ? በልክ የተሠራ ዕቃ ሜዳ ላይ?»

«አንተ ካላወጣኸው እኔ አወጣዋለሁ!» አለች ወይዘሮ ሰጎን፤ አልጋዋን በአንገቷ እየገፋች በሩ ጋ ደርሳ ነበር።

እንግዶቹ ተባብረው አልጋዎቹን በጽድ ቦታ በቁማቸው ደረደሯቸው። ወንበሮቹን በኮሶ ቦታ ደራርበው የጭራውን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ መረጉት። ነፋስ እየጋለበ መጣና ራስጌው ላይ በግንባሩ ተላተመ።

«ኧረ ጽድ! አልሞትክም እንዴ?»

«መልኬን ነው የለወጥኩት» አለው ራስጌው፤ «ቦታዬ ያው ነው።»

እንግዶቹ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ገለባ ጎዝጉዘው ተቀመጡ፤ ማንም አልተንቀጠቀጠም። «ሆቴሌ ያለ ዕቃ ቀረ!» ቢል አያ ነብሮ፣ ወይዘሮ ሰጎን እግሯን ዘርግታ «ዝም በል፤ ገና አሁን ሆቴል ሆነ» አለችው።

እመት ጃርት ከራስጌዎቹ ጥግ የጽድና የኮሶ ችግኝ ተከለች። በየጠዋቱ በወስፌዋ ትለካቸዋለች። እስካሁን ጉልበቷ ላይ አልደረሱም። ደረቷን የሚወጋት ነገር ወስፌዋ እንዳልነበረ ታውቃለች፤ ችግኞቹ ራስጌውን እስኪያልፉ ድረስም ይለቀኛል አትልም። ዕቃ የሚያዝዛት ሲመጣ ግን ስለ ቁመቱ ከመጠየቋ በፊት «የትኛው ዛፍ ነው የሚነሣው? ከኋላውስ ማን ተጠልሏል?» ትላለች።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከብርድ የሚያድናችሁን ስትሠሩ፣ ለሥራው የምትቆርጡት ነገር ከምን ሲያድናችሁ እንደኖረ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ተረቴ እዚህ ላይ ቆመ። አንዳችሁ በሩን ዝጉልኝ፤ ነፋስ ሲታማ አይወድም።