የቅዳሜው ደቦ

ተረት ተረት! ይህቺኛዋ የላም በረት ሳትሆን የኩሬ ዳር ናት።

በአንድ ጥብቅ ደን ውስጥ ኩሬ የምትጠብቅ አሮጊት ኤሊ ነበረች። አንድ ዓመት እምቦጭ የሚባለው አረም ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነውና ዓሦቹ መተንፈሻ አጡ። ኤሊ ብቻዋን ብትነቅል ብትነቅል አልሆነላትም። ይህን ያዩ የደኑ እንስሳት ማንም ሳይጠራቸው ደቦ ወጡ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡም አረሙን ይነቅሉ ጀመር።

ከሁሉም ጉልበተኛው ጉማሬ ነበር። ጎጆ የሚያህል አረም በአንዴ ጎትቶ ዳር ላይ ይከምራል። ድንቢጥ ደግሞ ከኋላ ከኋላው አንዲት ቁራጭ በአፏ ይዛ ትመላለሳለች።

"ይቺም ሥራ ሆና ነው? ይልቅ ከፊቴ ዞር በይ!" ብሎ ሳቀባት።

"እሺ አያ ጉማሬ" አለችና ወደ ጎጆዋ ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉማሬ ሲመጣ ያጸዳው ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ ጠበቀው።

"ማነው ይህን መልሶ የዘራው?" ብሎ ጮኸ።

"አንተው ነህ ልጄ" አለችው ኤሊ። "ስትጎትት የሚበጠሰው ቁራጭ ሁሉ እንደገና ይበቅላል። እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ድንቢጥ ነበረች የምትለቅመው።"

ጉማሬ ድንቢጥ ካለችበት ዛፍ ሥር ሄዶ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እሷም ወረደች።

አሁን ኩሬው ጠርቷል፤ ዓሦቹም ይዘላሉ። ጉማሬ ግን ዛሬም ቅዳሜ ሲመጣ፣ እግሩን ውሃው ውስጥ ከመክተቱ በፊት፣ "ድንቢጥ መጥታለች?" ብሎ ይጠይቃል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በኩሬው ውሃ አርሱ።