የቀይ አፈር የእርቅ ከረሜላ

በቀይ አፈር ከተማ የተጣሉ ሰዎች ለእርቅ ሲቀመጡ፣ ነገሩ ከመጀመሩ በፊት ሽማግሌው ከኪሱ ሁለት የዝንጅብል ከረሜላ አውጥቶ ለሁለቱም ይሰጣል። ከረሜላው አፍ ውስጥ እስካለ መናገር ነውር ነው። እንግዳ ይህን ሲያይ ሳቁ ያመልጠዋል፤ ይሳቅ፣ እኛም እንስቃለን። ነገሩ ግን መነሻ አለው።

እንደሚነገረው፣ ድሮ ከገበያው ጥግ ሰማያዊ በር ያላት ጠባብ ከረሜላ ቤት ነበረች። ባለቤቷ እትዬ በለጡ ስኳሩን ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር በገዛ እጃቸው አፍልተው፣ ሲደርቅ እንደ ጠጠር የሚጠነክር ከረሜላ ይሠሩ ነበር ይባላል። እሳቸው አልወለዱም፤ የከተማው ልጅ ሁሉ ግን ልጃቸው ነበር። ሲበዛ ደግ፣ ሲበዛም ተቆጪ ነበሩ፤ ሕጋቸውም አንድ ነበር፦ «ከረሜላ ይመጠጣል እንጂ አይቆረጠምም። የቆረጠመ ጥፋተኛ ነው።» ልጆች ሲደባደቡ ለሁለቱም አንዳንድ አጉርሰው ደጃፉ ላይ ያስቀምጧቸዋል፤ ከረሜላው እስኪሟሟ ጠቡ ይረሳል፤ ችኩሉ ቆርጥሞ ከተገኘም ይቅርታ ይጠይቃል። ውሎ አድሮ ባልና ሚስትም፣ ጎረቤትና ጎረቤትም በዚሁ ይታረቁ ጀመር።

ለሌላው መድኃኒት የሆኑት እትዬ በለጡ ለራሳቸው ግን አልሆኑም። ከታናሽ ወንድማቸው ከታከለ ጋር ስድስት ዓመት ሙሉ አይነጋገሩም ነበር። እናታቸው የሞቱ ጊዜ፣ ታከለ ከሄደበት ሩቅ አገር ሳይደርስ ቀብሩ ተፈጸመ። «የእናቴን ፊት ከለከለችኝ» ብሎ ከእህቱ ደጅ ቀረ። በልጅነቷ ከረሜላ እያጎረሱ ያሳደጓት የታከለ ልጅ ልትዳር አንድ ሳምንት ሲቀራት፣ ሠርጓን ከጎረቤት ወሬ መስማቱ እትዬ በለጡን አንገበገባቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ሽማግሌው ግራዝማች ወንዳፍራሽ ዘንድ ሄዱና «አስታርቁኝ» አሉ።

በእርቁ ዕለት፣ በራሳቸው ሕግ፣ ሁለቱም ጎረሱ። ታከለ አንገቱን ደፍቶ ይመጥጣል። እትዬ በለጡ ግን ገና ሲያዩት ስድስት ዓመት ያጠራቀሙት ምክንያት ሁሉ ምላሳቸው ላይ ተደረደረ፤ የቀብሩ ቀን ሙቀት፣ የቄሱ ጥድፊያ፣ የዘመዱ ጉትጎታ። ልናገር ልናገር አላቸው፤ አላስቻላቸውም። ከረሜላው ጥርሳቸው መሐል ቀጭ አለ።

ማንም አልሳቀም። እትዬ በለጡ ሊናገሩት ያሰቡት ሁሉ ጠፋቸው።

«ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ቀን ብንቆይ ትደርስ ነበር። ጨነቀኝና ቶሎ ይለፍልኝ ብዬ አልጠበቅሁህም።»

ታከለ ቀና አለ። የእሱ ከረሜላ ገና አላለቀም፤ ዝም ቢል በሕጉ የረታው እሱ ነው። እሱ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ ቀጭ አደረገው።

«እኔም አለሁበት፣ እታለም። መርዶው በጠዋት ደርሶኝ በማግሥቱ ነው የተነሣሁት። እናታችንን ሞታ ማየት ፈርቼ።»

ያን ጊዜ ወንድምና እህት ተቃቅፈው የስድስት ዓመቱን ለቅሶ አለቀሱት ይባላል። በሠርጉም ቀን ሙሽራዋን መጀመሪያ ያጎረሷት አክስቷ ናቸው።

ዛሬ ከረሜላ ቤቷ የለችም፤ በቦታዋ ወፍጮ ቤት ቆሟል። የቀይ አፈር ሽማግሌ ግን አሁንም ከረሜላውን ሰጥቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከሁለቱ አንዱ መቆርጠሙ አይቀርም፤ ማን እንደ ቀደመ ግን የሚጠይቅ የለም። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቀው ሁለተኛውን ድምፅ ነው።