አስማት ያለቀባት አስማተኛ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደሴ ውስጥ፣ ሶፎንያስ የሚባል ልጅ ቤት በረንዳ ላይ ሦስት ልጆች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። የሚጫወቱት የተረት ጨዋታ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆንና «ጫካ ገባችሁ፣ ሽፍታ መጣባችሁ» ይላል፤ ሌሎቹ ደግሞ ወታደር ወይም አስማተኛ ሆነው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ተራኪው ሁልጊዜ ሶፎንያስ ነው። የጨዋታው የሕግ መጽሐፍ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነዋ! እንኳን ሊያስነብብ ሽፋኑንም አያስነካም።

ኤፍራታ የዚያን ቀን አዲስ ናት። ለምኖ ያስገባት ጎረቤቷ ያፌት ነው። አስማተኛ ሁኚ አሏት፤ ሆነች። ሶፎንያስ ግን ገና ሳትቀመጥ፣ «አስማተኛሽ ከሞተች ወንበሩን ለቀሽ ትሄጃለሽ፤ ተራ የሚጠብቅ ሞልቷል» ብሏታል። እሷ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ይህን ጨዋታ በአጥር ቀዳዳ እያየች ስትመኝ ነው የከረመችው።

ሽፍታው መጣ።

«በእሳት አስማት አቃጥለዋለሁ» አለች ኤፍራታ ቀስ ብላ።

«ከሸፈ!» አለ ሶፎንያስ።

«ለምን?»

«አስማተኛሽ በአንድ እጇ በትር፣ በሌላው ፋኖስ ይዛለች። አስማት ባዶ እጅ ይፈልጋል።»

«አልነገርከኝም እኮ።»

«አልጠየቅሽኝማ!»

«እሺ፣ ፋኖሱን አስቀመጥኩ» አለች። እጇን አነሳች፤ ከንፈሯንም አንቀሳቀሰች።

«ይሄም ከሸፈ!»

«አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«አልተሰማማ! አስማት ጮክ ተብሎ ነው የሚጠራው። አንቺ እኮ ሐሜት የምታወሪ ነው የምትመስይው።»

ያፌት ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የኤፍራታ ጆሮ ጋለ። ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምትለው ለራሷ ነው።

ሽፍታውን ወታደር የሆነው ያፌት በጎራዴ አባረረላት። ሶፎንያስ ግን ይህ አልጣመውም መሰለኝ፣ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመ።

«ይሄ ደግሞ ግዙፉ ሰውዬ ነው። የሚኖርበትን ዋሻ ሰብሮ ወጣና አስማተኛዋን ሊረግጣት መጣ!»

የኤፍራታ አስማተኛ አንዲት የኮት ቁልፍ ናት። ጠረጴዛው መሃል ብቻዋን ቀርታለች።

«እሺ» አለች ኤፍራታ ቶሎ ብላ፣ «አሁን በባዶ እጄ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ...»

«አልቆብሻል! ለጀማሪ በቀን ሁለት አስማት ብቻ ነው የሚፈቀደው።»

«የከሸፉትም ይቆጠራሉ?»

«ይቆጠራሉ።»

«ኧረ ሶፊ፣ እግዜርን ፍራ!» አለ ያፌት።

«ሕግ ሕግ ነው። መጽሐፉ ላይ የሌለ ነገር እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይሠራም» አለና ጠርሙሱን ብድግ አድርጎ፣ «ድም! ድም!» እያለ ወደ ቁልፏ አስኬደው።

ኤፍራታ የጠርሙሱ ቂጥ ቁልፏ ላይ ሊያርፍ ሲወርድ አየች። ጨዋታ መሆኑ ጠፋት። ከወንበሯ ዘላ ተነሳችና እጇን ዘርግታ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ፣

«በሕግ አምላክ!» ብላ ጮኸች።

እንግዲህ በእኛ አገር በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ ሲሮጥ ከነበረ ይቆማል፤ ዱላ ሰንዝሮ ከነበረም ዱላው አየር ላይ ይቀራል። ሶፎንያስም ያደገው እዚሁ ነው። ጠርሙሱ ለቁልፏ አንድ ጣት ሲቀረው ቀጥ አለ። ከአጥሩ ማዶ በመንገድ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌም ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙ።

ሶፎንያስ ትንፋሹ ሲመለስለት ተቆጣ።

«ምንድነው እሱ? እንደዚህ የሚባል አስማት የለም! መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ነው የማውቀው፤ አንድም ገጽ ላይ የለም!»

ኤፍራታ አየር ላይ የተንጠለጠለውን ጠርሙስ አየች፤ ቀጥሎም እሱን።

«ታዲያ እጅህን ማን ያዘው?»

ሶፎንያስ ግዙፉን ቀስ አድርጎ ወደ ዋሻው መለሰው። ያኔ ከአጥሩ ማዶ፣ «ልጄ፣ እኔስ ልሂድ ወይ?» የሚል የሽማግሌ ድምፅ መጣ።