ሙሉ ቦቴ ለቆሬ

ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ ዳገት እሰጣችኋለሁ። ዳገቱ ከድሬዳዋ በላይ ነው፤ ቆሬ ይባላል። አናቱ ላይ መንደር አለ፣ ጤና ጣቢያም አለ፤ የውሃ ጉድጓዱ ግን ደርቋል። ውሃ የምታወጣላቸው ብዙአየሁ ናት፤ የራሷን አሮጌ ቦቴ የምትነዳ ሴት። ቦቴው ሙሉ ከተጫነ ዳገቱን አይወጣም። ወገቡ ላይ ሲደርስ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ያቃስታል፣ ይቆማል። ስለዚህ ግማሽ ትጭናለች። ግማሽ ውሃ ደግሞ ለግማሽ ሰው ነው። ከሰልፉ ጭራ ያሉት ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ሲመለሱ እያየች ትወርዳለች።

የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ሙሉ ቦቴ ይዛ ቆሬ መውጣት።

መካኒኩ ጁነዲን ጋ ሄደች። ጋራዡ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው።

“ጁነዲን፣ ሞተሩ ጉልበት ይጨመርለት።”

“አቦ ብዙ፣ ትልቅ ቱርቦ አለኝ፤ ልሰቅልልሽ እችላለሁ” አላት። “ግን ስሚኝ። ትልቅ ቱርቦ ብዙ አየር ይገፋል። አየሩ ሲበዛ ናፍጣውን እጨምራለሁ፤ እሳቱ ይበረታል። የበረታ እሳት ደግሞ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ብድግ ያደርገዋል። የአንቺ ቴስታታ ተጣሟል። ይላግና አምጪው። እንደዚህ ሆኖ ቱርቦ አልሰቅልም።”

ቴስታታው ተፈታ። ጁነዲን ካልተላገ ቱርቦ አልሰቅልም አለ፤ ሞተሩ ያለ ትልቅ ቱርቦ ሙሉ ቦቴ አልጎትትም አለ፤ ቆሬ ተጠማ፤ ብዙአየሁ ደከማት።

ቴስታታውን በጋሪ አስጭና ጋሽ ቀጸላ ቶርኖ ቤት ወሰደችው። ጋሽ ቀጸላ ብረት ሲልጉ የሸበቱ ሰው ናቸው። በመዳፋቸው ዳሰሱትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ልጄ፣ መላጉስ ቀላል ነው። የያዙት ብሎኖች ግን ተለጥጠዋል። ዛሬ ብልግልሽ፣ ያ ጉልበት ሲመጣ ይላላሉ፤ ቴስታታው ተመልሶ ይጣመማል። ወፍራም ብሎን አምጪ፣ ቀዳዳውንም ለእሱ አሰፋልሻለሁ። ሥራዬን ሁለቴ አልሠራም።”

“ሌላ መንገድ የለም፣ ጋሽ ቀጸላ?”

“ቢኖር እነግርሽ ነበር።”

ጋሽ ቀጸላ ያለ ብሎን አልልግም አሉ፤ ጁነዲን ካልተላገ ቱርቦ አልሰቅልም አለ፤ ሞተሩ ያለ ትልቅ ቱርቦ ሙሉ ቦቴ አልጎትትም አለ፤ ቆሬ ተጠማ፤ ብዙአየሁ ደከማት።

መለዋወጫ ተራ ወረደች። ብዙ ሱቅ “የለም” አላት። በመጨረሻ ነፊሳ ሱቅ ደረሰች። ነፊሳ አባቷ የተዉላትን ሱቅ የምታስተዳድር፣ ቀልጠፍ ያለች ሴት ናት።

“እንዲህ ያለ ብሎን አለን” አለች ነፊሳ። “ግን መጋዘን ውስጥ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ወንድሜ ጋ ነው።”

“ጠይቂልኛ።”

ነፊሳ ፊቷን አዞረች። “አባታችን ከሞቱ ወዲህ አንነጋገርም። ሱቁ ለእኔ፣ መጋዘኑ ለእሱ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሰላም ጠፋ። ይክፈተውና ብሎኑን ውሰጂ። ካልከፈተው እኔ ከየት አመጣለሁ?”

ነፊሳ መጋዘን ካልተከፈተ ብሎን የለኝም አለች፤ ጋሽ ቀጸላ ያለ ብሎን አልልግም አሉ፤ ጁነዲን ካልተላገ ቱርቦ አልሰቅልም አለ፤ ሞተሩ ያለ ትልቅ ቱርቦ ሙሉ ቦቴ አልጎትትም አለ፤ ቆሬ ተጠማ፤ ብዙአየሁ ደከማት።

ወንድምየው ሚፍታህ ይባላል። ስሙ በዐረብኛ ቁልፍ ማለት ነው፤ ሰውየው ግን እንደ ስሙ አልሆነም። መጋዘኑ በር ላይ፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ አገኘችው።

“አልከፍትም” አላት ገና ሳትጨርስ። “በነፊሳ ምክንያት አይደለም። እናታችን በእኔና በእሷ ጠብ አዝና እህል ትታለች። ውሃ ብቻ ነው የምትጠጣው። እናቴ እህል ሳትቀምስ ይህን በር ከከፈትኩ ብዬ ምያለሁ። ወላሂ አልከፍትም።”

ብዙአየሁ የእናቱን ቤት ጠየቀችው።

ሚፍታህ እናቴ ካልቀመሰች አልከፍትም አለ፤ ነፊሳ መጋዘን ካልተከፈተ ብሎን የለኝም አለች፤ ጋሽ ቀጸላ ያለ ብሎን አልልግም አሉ፤ ጁነዲን ካልተላገ ቱርቦ አልሰቅልም አለ፤ ሞተሩ ያለ ትልቅ ቱርቦ ሙሉ ቦቴ አልጎትትም አለ፤ ቆሬ ተጠማ፤ ብዙአየሁ ደከማት።

የእናትየው የእማማ ዘይነባ ቤት ከመጋዘኑ ጀርባ ነበር። ብዙአየሁ ገባች። ሰላምታ ሰጥታ ልትለምን ነበር የመጣችው፤ ድካሙ ግን አሸንፏት መደቡ ላይ ዝርግፍ አለች። እማማ ዘይነባ ከተኙበት ቀና አሉ።

“ማን ነሽ አንቺ?”

“ሹፌር ነኝ፣ እማማ።”

“ምን ፈልገሽ ነው?”

“እርስዎ እህል አልቀምስም አሉ” አለች ብዙአየሁ፣ ዓይኗን ጨፍና። “ሚፍታህ እናቴ ካልቀመሰች አልከፍትም አለ፤ ነፊሳ መጋዘን ካልተከፈተ ብሎን የለኝም አለች፤ ጋሽ ቀጸላ ያለ ብሎን አልልግም አሉ፤ ጁነዲን ካልተላገ ቱርቦ አልሰቅልም አለ፤ ሞተሩ ያለ ትልቅ ቱርቦ ሙሉ ቦቴ አልጎትትም አለ፤ ቆሬ ተጠማ። እኔም ደከመኝ።”

እማማ ዘይነባ “ቆሬ ማን አለ?” አሉ።

“ሰው አለ። ጤና ጣቢያ አለ። ባለፈው የወለደች ልጅ ነበረች፤ ውሃው አልቆ ደሟን ሳትታጠብ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች። በአጠገቤ አለፈች። ‘አይዞሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም’ አለችኝ። እኔን አጽናናችኝ፣ እማማ።”

እማማ ዘይነባ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። “እህል ቀምሰሻል ዛሬ?”

“እንጃ። ረስቼዋለሁ።”

“እንግዳ ቤቴ ገብታ በባዶ ሆዷ አትወጣም!” አሉና ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ጎረቤት ያመጣችላቸው ሾርባ ነበር፤ አሞቁት፣ ዳቦ ቆረሱ፣ ፊቷ አቀረቡላት። “ብዪ።”

“እርስዎስ?”

“አንቺ ብዪ አልኩሽ።”

“እማማ፣ እርስዎ ሳይጀምሩ እጄ አይዘረጋም።”

ተያዩ። ሁለቱም ደክሟቸዋል። የደከመ ሰው ከደከመ ሰው ጋር ብዙ አይከራከርም። እማማ ዘይነባ ተነፈሱ፣ ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ነከሩ፣ ጎረሱ። ብዙአየሁም ጎረሰች። እናቱን ሊያይ ብቅ ያለው ሚፍታህ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እናቱ እያኘኩ ነው።

“ምን ቆመሃል?” አሉት። “መጋዘኑን ክፈትላት። እህትህንም ጥራት።”

እማማ ዘይነባ ቀመሱ፤ ሚፍታህ መጋዘኑን ከፈተ። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየ፤ የቱ ብሎን እንደሆነ ግን አላወቀም። በሩ ላይ ወጣና፣ “ነፊሳ!” ብሎ ተጣራ። መለዋወጫ ተራው ሁሉ ሰማ። ነፊሳ መጣች፤ ደፉ ላይ ቆመች።

“የቱ ነው?” አላት።

“ከበስተጀርባ፣ አባባ ያስቀመጡበት።”

“አላየሁትም።”

“መቼ አይተህ ታውቃለህ!” አለችና ገባች። ከውስጥ ሲነታረኩ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሲስቁ ተሰማ፤ ከዚያ ነፊሳ ብሎኑን በጨርቅ ጠቅልላ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች።

ነፊሳ ብሎኑን ሰጠች፤ ጋሽ ቀጸላ ቴስታታውን ላጉ፤ ጁነዲን ክዳኑን ገጥሞ ብሎኖቹን ተራ በተራ አጠበቀ፣ ትልቁን ቱርቦ ሰቀለ፣ ናፍጣውን ጥቂት በጥቂት እየጨመረ ሞተሩን አዳመጠ። ቦቴው እስከ አፉ ተሞላ።

ጁነዲን አብሯት ወጣ። “አትጨቁኚው” አላት። “ቱርቦው እስኪነሣ ጠብቂው።”

የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ብዙአየሁ መሪውን ጨመቀችው። ሞተሩ ከበድ አለው። ከዚያ ቱርቦው እንደ ፉጨት ቀጠን አድርጎ ጮኸ፤ መኪናው ደረቱን ነፍቶ ዳገቱን ያዘው። ጁነዲን የሙቀቱን ጌጅ ሲያይ ቆየና ወደ ኋላ ተደገፈ። ቆሬ ገቡ።

ሰልፉ እስከ ጤና ጣቢያው አጥር ነበር። አዋላጇ ፎዚያ በርሜሏን ሞላች፣ መንደሩ ጀሪካኑን ሞላ፣ የመጨረሻዋም ሴት ሞልታ ሄደች። ብዙአየሁ ቧንቧውን ልትዘጋ እጇን ስትሰድ ውሃው አሁንም ይወርዳል።

“አንቺ፣ ተርፏል እኮ!” አለቻት ፎዚያ።

ብዙአየሁ ለመንደሩ ይህን ያህል ውሃ ስታወጣ ከዚያ ውሃ ለራሷ ጠብታ ነክታ አታውቅም። ጫማዋን አወለቀች። ቧንቧው ሥር ቁጢጥ አለች። ፊቷን ታጠበች፣ አንገቷን ታጠበች፣ እግሯን ዘርግታ ውሃው እንዲወርድበት ተወችው። ጁነዲን ፊቱን አዙሮ ሞተሩን የሚያይ መሰለ።